ያልዞረው ቀስት

በሶዶ አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። መጀመሪያ በወጣት ማዕከሉ ሜዳ፣ ቀጥሎ ከሜዳው ፊት ለፊት ባለው በትርፌ ሻይ ቤት። በሁለተኛው ጨዋታ ፊሽካ የለም፣ ሰዓት የለም፤ የተቀመጠው ሁሉ ዳኛ፣ የተቀመጠው ሁሉ አሰልጣኝ ነው። ዳሞታ፣ ያ በሜዳ አንጀታችንን የሚያቃጥለው ክለባችን፣ በትርፌ ሻይ ቤት ተሸንፎ አያውቅም።

ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ያለችው ትልቋ ጠረጴዛ የደገፉ ናት። ደገፉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሲያወራ ጎረቤት ከተማ ቦዲቲ ድረስ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። በግራው የሂሳብ መምህሩ ቶማ፣ በቀኙ ባንክ የሚሠራው ወጣቱ ቤኒ ይቀመጣሉ። ቦታውን በስማቸው ያዞረላቸው የለም፤ ግን ጨዋታ ባለበት እሁድ ሌላ ሰው አይደፍራትም።

ተክለጻድቅ የሚቀመጠው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ነው። እዚያ ግድግዳ ጥግ የተለጠፈች ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት ወንበሮች አሉ፤ በአንደኛው እሱ ይቀመጣል፣ በሌላኛው ላይ ትርፌ ሳሙናውን ታስቀምጣለች። ሊታጠብ የመጣ ሰው «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ በትከሻው ላይ ተንጠራርቶ ሳሙናውን ያነሳል፣ ሲጨርስም ውሃ እያንጠባጠበ ይመልሳል። ተክለጻድቅ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሻይ ቤት ከሰው ጋር ተቀመጠ ከተባለ የተቀመጠው እንዲህ ነው።

ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከደብረ ማርቆስ በመንግሥት ምደባ ሶዶ ከገባ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ያስገባል። ወላይትኛ ገበያ የሚያሳልፈው ያህል ያውቃል፣ ከዚያ በላይ አልገፋበትም። ሚስቱ ታንጉት ስትሞት ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ተቀምጦለት ነበር፤ የሶዶ ሰው በለቅሶ አይታማም። ግን ድንኳን መነሳቱ አይቀርም። በተነሳ በሁለተኛው እሁድ ቤቱ ጨነቀውና ወጣ፤ ጩኸት ሰምቶ ወደ ወጣት ማዕከሉ ጎራ ሲል የነጥብ ወረቀት የሚሞላ ሰው ጠፍቶ ሲተራመሱ ደረሰ። «ጋሼ፣ ይህችን መጻፍ ይችላሉ?» አሉት። ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነውና ተቀመጠ። የሕጉን መጽሐፍ ፈልጎ እንደ ዳዊት ደገመው፣ ከዚያ ወዲህም ከጠረጴዛው አልተነሳም።

ከወረቀቱ ሌላ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለ፤ ቀስቱ። ሁለት ተጫዋቾች ኳሱን እኩል ጨብጠው አልለቅም ሲባባሉ ዳኛ «ጃምፕ ቦል» ብሎ ፊሽካ ይነፋል፤ ያኔ ኳሱ የማን ይሁን የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀስት ነው። ተራው የነማን እንደሆነ ያሳያል። ከሁለተኛው ሩብ ጀምሮ እያንዳንዱ ሩብ የሚጀመረውም በዚሁ ተራ ነው። አንዱ ቡድን ተራውን እንደተጠቀመ የጠረጴዛው ሰው ቀስቱን ወደ ሌላኛው ያዞራል። አንዴ ለእናንተ፣ አንዴ ለእነሱ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሕፃን ልጅ ይችለዋል። ተክለጻድቅ ቀስቱን ከጣውላ አሠርቶ ራሱ ቀይ ቀለም ቀብቶታል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዞረው ቀርቶ አያውቅም ነበር። በደጋፊው አፍ «የጋሽ ተክሌ ቀስት» ማለት የማይሳሳት ነገር ማለት ሆኖ ቀርቷል።

እነደገፉ የሚከራከሩት በወላይትኛ ነው። ተክለጻድቅ ከጥጉ ሆኖ «ፋውል» ሲሉ፣ «ዳኛ» ሲሉ፣ «ስቴፕ» ሲሉ ይሰማና ከነዚህ ሦስት ቃላት ክርክሩን በሙሉ ለመገጣጠም ይሞክራል። ነገሩ ሲካረር ደግሞ ደገፉ ወንበሩን በግማሽ ያዞርና «ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ በአማርኛ ይጠይቀዋል። እሱም ይመልሳል። አንዱ «አላልኳችሁም!» ይላል፣ አንዱ ጠረጴዛ ይመታል፣ ወንበሩ ተመልሶ ይዞራል። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አይሞላም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ የሚኖረው ለዚያች ደቂቃ ነበር። ሰኞ ፋይል ሲያወጣ ያስባታል፣ ሐሙስ ማታ ራቱን ብቻውን ሲበላ ይችን ብጨምርበት ኖሮ እያለ መልሱን ያሳምረዋል።

እንግዲህ ያቺ የግንቦት እሁድ መጣች። ዳሞታ ካሸነፈ ከመጀመሪያዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ የሚሆንበት ጨዋታ ነው፤ እንግዶቹ ከአርባ ምንጭ መጥተዋል። ዳኛዋ ሳሊሃ ነበረች፣ ቦዲቲ የስፖርት መምህርት የሆነች፣ ጥቁር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ የምትሮጥ ቀጭን ልጅ። ፊሽካዋ አጭር ነው፤ ጮሃ ስትናገር የሰማት የለም።

ሦስተኛው ሩብ አልቆ ተጫዋቾቹ ውሃ ሲጠጡ ደገፉ ከደጋፊው ደረጃ ወርዶ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው መጣ። ተክለጻድቅ አንድ ቅሬታ አለ ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ደገፉ ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ፣ «ዛሬ ከኛ ጋር ነህ» አለው። «ብናሸንፍም ብንሸነፍም። ለትርፌ ነግሬያታለሁ፣ ወንበር ታወጣለች፤ ክትፎ በቆጮ ታዟል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ሰው ከሳሙና ጋር ማስቀመጣችን ነውር ነው፤ ትናንት ባለቤቴ ናት ያፈረችብን።» ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ። ያ ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚለው ሰው ዛሬ «አንተ» አለው፤ ተክለጻድቅ ይህንንም ልብ አለ።

አራተኛው ሩብ ተጀመረ። ተራው የእንግዶቹ ስለነበር ኳሱን እነሱ ወርውረው አስጀመሩ። በዚያች ቅጽበት የተክለጻድቅ እጅ ተዘርግቶ ቀስቱን ወደ ዳሞታ ማዞር ነበረበት። ሰውዬው ግን እዚያ አልነበረም። ዓይኑ ደረጃውን እየወጣ ባለው በደገፉ ጀርባ ላይ ነበር። የት ነው የሚያስቀምጡኝ? ከቶማ ቀጥሎ ይሆን? ባዶ እጄን ልግባ ወይስ የሆነ ነገር ልያዝ? ምን አወራለሁ? እንዲህ እንዲህ ሲል ኳሱ ሜዳውን ሁለቴ ተመላለሰ። ወደ ወረቀቱ ሲመለስ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ቀስቱ ግን እንደቆመ ቀረ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር ዳሞታ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ከቅርጫቱ ሥር ሁለት ተጫዋቾች ኳሱን ጨብጠው ወደቁ። ሳሊሃ ፊሽካዋን ነፋች፣ ሁለት አውራ ጣቶቿን ወደ ላይ ቀሰረች፣ ዞራም ጠረጴዛውን አየች። ተክለጻድቅም አየ። ቀዩ ቀስት ለእንግዶቹ ያሳያል። የጠረጴዛው ጡሩምባ ከእጁ ስር ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢነፋው፣ «ስህተት አለ፣ የእኔ ነው» ቢል ጨዋታው ይቆማል፣ ኳሱ ለዳሞታ ይሰጣል። እጁ ተነሳ። ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር፣ ደገፉም ቆሞ ነበር። እጁ ተመልሶ ወረቀቱ ላይ አረፈ። እንግዶቹ ወረወሩ፣ ተቀባበሉ፣ አገቡ። ስልሳ አንድ ለስልሳ።

የሆነውን መቼም መገመት ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘነበ፤ «ሌባ» የሚለው ጩኸት ዳሞታ ተራራ ድረስ ወጣ። ሳሊሃ በሁለት ፖሊሶች መሐል ሆና ወረቀቱን ልትፈርም መጣች። ጎንበስ ብላ ፈረመችና ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቀስቱ የነሱ ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

«አዎ» አላት። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት ይብስ ነበር።

«እንግዲያው ይስደቡኝ» አለች፣ ቀለል ብሏት። በጓሮ በር አስወጥተው ወደ መናኸሪያ ወሰዷት።

ተክለጻድቅ ቤቱ መሄድ ነበረበት። እግሩ ግን ስድስት ዓመት የለመደውን ያውቃል፤ ወደ ትርፌ ሻይ ቤት ይዞት ገባ። ልማዱ ሆኖ ወደ ጥጉ ሲያመራ፣ «ወዴት ነው? እዚህ ና እንጂ!» የሚል የደገፉ ድምፅ አስቆመው። አቮካዶው ሥር አራተኛ ወንበር ተቀምጧል። ሰማያዊ ነው፣ አዲስ፤ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም። ተቀመጠ። ቤኒ ሻይ ገፋ አደረገለት፣ ቶማ ጠጋ አለለት። ከዛፉ የወረደ አንድ ቅጠል ትከሻው ላይ አረፈና ቶማ በሁለት ጣቱ አነሳለት። በዚህች ትንሽ ነገር የተክለጻድቅ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ዛሬ ክርክሩ በአማርኛ ነው» አለ ደገፉ። «ጋሽ ተክሌ ሁሉንም መስማት አለበት።»

ቶማ ጀመረ። «እኔ እውነቱን ልናገር። ሃያ ነጻ ውርወራ አግኝተን ዘጠኝ ብቻ ነው ያገባነው። ዘጠኝ! ተማሪ ቢሆን እጥለዋለሁ። እግራቸውን ሰብስበው ቢወረውሩ ኖሮ የመጨረሻው ኳስ ለማንም ቢሰጥ ምን ይመጣ ነበር? ዳኛ ምን ያድርግ?»

«ሴንተራችንስ፣ ያ ረጅሙ ልጅ?» አለ ደገፉ። «ኳስ ከፊቱ ሲወድቅ ሰላምታ የሚጠብቅ ሚዜ ይመስላል። አሰልጣኙ ደግሞ አይቀይረው! የእህቱ ልጅ ነው እንዴ?»

«አይ አይ፣ ነገር አታዙሩ!» ቤኒ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ በመስመር ደረደራቸው። «በመጥፎ መጫወትና መዘረፍ ይለያያል። እዩ። ይሄ አራተኛው ሩብ ነው። ማን ጀመረው? እነሱ። ተራቸውን በሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሌላ ጃምፕ ቦል ነበረ? አልነበረም። ስለዚህ ቀጣዩ ተራ የማን ነው? የኛ! ቀስቱ ወደ እኛ ነበር፣ ልጅቷ ግን ለነሱ ሰጠች።»

ቶማ ቀስ ብሎ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ የሂሳብ ሰው ነው። «ልክ ነው» አለ። «ቀስቱ ካልተሳሳተ ልክ ነው።»

«ቀስቱን የያዘው ማነው?» አለ ቤኒ።

«ጋሽ ተክሌ።»

«ጋሽ ተክሌ ተሳስቶ ያውቃል?»

«አያውቅም!» ደገፉ ጠረጴዛውን መታ፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። «ስለዚህ አይታ እንዳላየች ሆነች። ዓይኗን በጨው አጥባ በላችን!»

ተክለጻድቅ በሕይወቱ እንዲህ በአፍ ሙሉ ተመስክሮለት አያውቅም። የተመሰከረለት ደግሞ ልጅቷን ለመስቀል ነው። «ሳሊሃ... ጥሩ ዳኛ ናት» አለ። «እሷ የምታጠፋ አይመስለኝም።»

«አየህ፣ አንተ ደግ ነህ» አለ ደገፉ፣ ክንዱን ይዞ። «ታ ኢሻው፣ ደግነት እዚህ ላይ አይሠራም።» ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ይህችን ቃል ተክለጻድቅ ከገበያም ቢሆን ያውቃታል፣ ግን እሱን ብሎ የጠራበት ሰው አልነበረም።

ነገሩ ተቆረጠ። በዳኛዋ ላይ የሚቀርበው ክስ ነገ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ለፌዴሬሽኑ ቢሮ መግባት አለበት። የጠረጴዛው ሰው ቀስቱ ለዳሞታ ያሳይ እንደነበር ጽፎ ከፈረመበት ልጅቷ ፊሽካ ዳግመኛ አትነካም፤ ቤኒ እንዳለው ጨዋታውም ሊደገም ይችላል። ቶማ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «ጽሕፈት እንደሆነ ከጋሽ ተክሌ እጅ የሚያምር የለም» አለና እስክሪብቶውን አስጨበጠው።

ሦስት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ። ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። የደገፉ የሱፍ ኮት ይሸተው ነበር፣ የቤኒ ክርን ይነካው ነበር። ለስድስት ዓመት ከዚያ ጥግ ሆኖ የተመኘው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምንም ተመኝቶ አያውቅም። አሁን እጁ ገብቶለታል፣ የሚጠየቀውም አንዲት መስመር ነው። ልጅቷ ከቦዲቲ ናት፣ ከዚህ በኋላ ላያያት ይችላል። ማን ያውቃል? ማንም። ቀስቱ እንደሆነ ጣውላ ነው፣ አይመሰክርም።

ቀኑን ጻፈ። «ጉዳዩ» ብሎ ከሥሩ አሰመረበት። ከዚያ «አዎ» ያላት ልጅ ትዝ አለችው፤ ቀለል ብሏት በጓሮ በር ስትወጣ። መናገር አቅቶት ነበር፣ እጁ ግን ሲጽፍ አይንቀጠቀጥም፤ ሠላሳ ዓመት ያስለመደው ሥራ ነው። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ለቤኒ ሰጠው።

«ላንብበው!» ቤኒ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹በአራተኛው ሩብ መጀመሪያ እንግዳው ቡድን ተራውን ከተጠቀመ በኋላ ቀስቱን ወደ ዳሞታ ማዞር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላዞርኩትም...›» ቤኒ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «‹ዳኛ ሳሊሃ የፈረደችው ቀስቱ ባሳያት መሠረት ነው። ስህተቱን ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር አይቼ ዝም ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።›»

ትርፌ በዚያች ሰዓት ክትፎውን በትልቅ ሳህን፣ ቆጮውንና ዳጣውን በጎን አድርጋ ደረሰች። የሰዎቹን ፊት አይታ አስቀምጣው ተመለሰች።

«ቀልድ ነው?» አለ ደገፉ።

ተክለጻድቅ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«እንዴት? ከሰው ሁሉ እርስዎ?» አንተ የሚለው ነገር አበቃ። «ስድስት ዓመት ያልተሳሳቱት ዛሬ፣ በዚህ ጨዋታ እንዴት ይረሳሉ?»

«ወንበሩን እያሰብኩ ነበር» አለ ተክለጻድቅ።

አልገባቸውም።

«መጥተህ ዛሬ ከኛ ጋር ነህ ስትለኝ... የት እንደምቀመጥ ማሰብ ጀመርኩ። ከማን አጠገብ እንደምሆን። ምን እንደማወራ። ታንጉት ከሞተች ጀምሮ ና አብረን እንብላ ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነው የረሳሁት። በኋላ ደግሞ ሳየው፣ ጡሩምባውን ብነፋ ወንበሩ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ቤኒ ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። ቶማ በወላይትኛ አንድ አጭር ነገር ተናገረና ተነሳ። ምን እንዳለ ተክለጻድቅ አላወቀም፣ መጠየቅም አልቻለም። ቤኒ ስልኩን አየና ከእንግዳ ጋር ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። ደገፉ የመጨረሻው ነበር። ቢሰድበው ተክለጻድቅ በወደደ ነበር፤ ስድብ እንኳ የቅርብ ሰው ነገር ነው። ደገፉ ግን ቆሞ የኮቱን ቁልፍ ቆላለፈ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀበለው፣ «ጠዋት እርስዎ ያስገቡት» አለ። «ደህና ያምሹ።» አክብሮቱ ምንም አልጎደለም።

ክትፎው ከነዳጣው ለአራት ሰው ተዘርግቶ ቀረ። ተክለጻድቅ እጁን አልታጠበም። ትርፌ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ልጠቅልልዎት?» አለችው። «ይዤ ብሄድ ለማን?» አላት።

ወረቀቱን በማግስቱ በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢሮው ሳይከፈት ደጃፍ ቆሞ ጠብቆ አስገባ። ውጤቱ አልተለወጠም። እሱ ለሦስት ጨዋታ ታገደ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን በትክክል የሚሞላ ሰው ጠፋና መልሰው ጠሩት። ሳሊሃም አንድ ቀን ደወለች።

«ጋሼ፣ ያኔ ስጠይቅዎ አዎ ብለውኛል።»

«ቀስቱ የነሱ ነበር...» ብሎ ጀመረና አፈረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

ከጀርባዋ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። «ሰፈር ውስጥ እናቴን ሳይቀር ‹የሌባ እናት› ብለዋታል» አለች። «ወረቀቱን ስላስገቡ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ቀን ቢፈጥኑ ጥሩ ነበር።» ስልኩን ዘጋችው። አንድ ቀን አልነበረም፤ ለጡሩምባው የምትበቃ አንድ ትንፋሽ ነበር የዘገየው። ይህን ሊነግራት መልሶ አልደወለም።

ከእገዳው በኋላ የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ተክለጻድቅ ተራ ባለፈ ቁጥር ቀስቱን አዞረ። ሁሌ እንደሚያዞረው ነው ያዞረው፤ ግን ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ እጁን ሲያይ ተሰማው። ደገፉም ያያል። ቀስቱን ያያል፣ እሱን አያይም።

ጨዋታው ሲያልቅ ትርፌ ሻይ ቤት ገብቶ ጥጉ ተቀመጠ። ሳሙናው ወንበሩ ላይ ነው። ሰማያዊው ወንበር አቮካዶው ሥር አለ፣ የቤኒ ቦርሳና የቶማ ጃንጥላ ተቀምጠውበታል። እነሱ በወላይትኛ ይከራከራሉ። «ዳኛ» ሲሉ ሰማ፣ «ሰከንድ» ሲሉ ሰማ፣ ቤኒ ተነስቶ ነጻ ውርወራ እንደሚወረውር ሰው እጁን ሲያነሳ አየ። ገባው። ኳሱን ከዳኛ የተቀበለ ሰው በስንት ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት ነው ነገሩ። ቤኒ አምስት ጣቱን ዘርግቶ ያሳያል፣ ሁለቱ በጩኸት አልቀበልም ይላሉ። ተክለጻድቅ ብርጭቆውን አስቀምጦ ቀና አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

የደገፉ ወንበር ሲጥጥ አለ። በግማሽ ዞረ። ዓይን ለዓይን ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም፤ የተክለጻድቅ አፍ ተከፍቶ ነበር። ደገፉ እዚያው ላይ ቆመ። ከኪሱ ስልኩን አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ በአንድ ጣቱ ጻፈ፣ ጠበቀ፣ አነበበ። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ አሥር ጣቶቹን ለጠረጴዛው አሳየ። ቶማ ሳቀ። ቤኒ ተሸንፎ ተቀመጠ። ወንበሩ ተመልሶ ዞረ።

ቤኒ ልክ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ተንጠራራ፣ ታጥቦ ሳሙናውን እርጥቡን መለሰው። ተክለጻድቅ ሰውዬው እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«አሥሩ የአሜሪካኖች ነው» አለው ለሳሙናው። «በኛ ሕግ አምስት ነው።»